የጥላው አግዳሚ

«እጅዎን ከኪስዎ ያውጡ። ዳኛዋ የሚደብቁት ነገር ያለ ይመስላቸዋል» አለ ነገረ ፈጁ።

ርዕሰ መምህርቷ አወጣቻቸው። ወዲያው ግን መልሳ ጭኖቿ መካከል ቀበረቻቸው። የፍርድ ቤቱ መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው እስከ ትከሻ ከፍታ ድረስ በተጠጋው ሰው ጀርባ ወይቧል። የችሎቱ በር በተከፈተ ቁጥር ልቧ ይዘላል፤ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ «ምናልባት ዛሬ ባይደርሰንስ?» የሚል የልጅ ተስፋ ይመጣባታል።

«እንድገመው» አለ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሊከራከርላት የተላከው ይኸው ወጣት። «‹የወረርሽኙን መመሪያ ለሠራተኞች አሳውቄያለሁ› ይላሉ። ሐሰት ነው?»

«አይደለም። ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።»

«በቃ! ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ የሆነው ሁሉ የአስተማሪው ሥራ ነው።»

«እሱስ ምን ይሆናል?»

«ይሰናበት ይሆናል። እሱ ካልሆነ ደግሞ ነገሩ ወደ እርስዎ ይዞራል። ቸልተኝነት ተብሎ እስከ ወንጀል ሊሄድ ይችላል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከከሳሾች ጋር አንድ ቃል እንዳይነጋገሩ። የማዘን ቃል እንኳ ማስረጃ ይሆናል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

ወንጀል የምትለዋን ቃል ስትሰማ ቤት ውስጥ በእሷ ደመወዝ መድኃኒት የሚገዛላቸው አባቷ ታወሷት፤ ተይዛ ብትቀር ማን እንደሚያበላቸው አሰበች።

ወረርሽኙ ጋብ ብሎ ትምህርት ቤቶች በተከፈቱበት ሰሞን ነበር ነገሩ የሆነው። ልጆቹ ተራርቀው እንዲቆሙ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ድረስ መሬት ላይ ነጭ ክቦች ተቀቡ። ፀሐዩ ግን ፊት ለፊት ነው። ተራው ሲረዝም የልጆቹ ግንባር ይግላል፤ የሙቀት መለኪያው ቀይ ያበራል። ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው በሩ ላይ የሚለካው የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ተማሪዎቹ «ፊሽካ» የሚሉት። ከዛፉ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር አኖረ። ቀይ ያሳየውን ልጅ ጥላው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይለካዋል። አብዛኞቹ ስቀው ይገባሉ።

ተቆጣጣሪዎች በሚመጡበት ጠዋት ግን ርዕሰ መምህርቷ ፈራች። ለብቻቸው የተቀመጡ ልጆችን ከመኪና ሆነው ካዩ ትምህርት ቤቱን ያሽጉታል ብላ ሰጋች። እየተጣደፈች ባለፈችበት፣ «ዛሬ አግዳሚው ይነሳ። ቀይ ካሳየ በቃ፣ ወደ ቤቱ!» አለችው ፊሽካን። መመሪያው ወላጅ እስኪመጣ ልጁ በተለየ ክፍል ይቆይ ይላል። የተለየው ክፍል ግን በተሰባበረ ዴስክ ተሞልቶ ነበር። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ብቻዋን ተመለሰች። እናቷ ልብስ አጣቢ ናት፤ ሥራ ላይ ስለነበረች ቤቱ ተቆልፎ ነበር። ልጅቷ ከፀሐይ ልትጠለል ከቤታቸው አጠገብ ባለው ያላለቀ ሕንፃ ደረጃ ላይ ወጣች፤ ከዚያም ወደቀች።

«እንዴት አደሩ እትዬ?» ፊሽካ ክራባት አስሮ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ክራባቱ አንቆት ፊቱ ቀልቷል።

«ደህና። አንተስ?»

«እኔማ ዕድሜዬን ሙሉ የተቀያሪ አግዳሚ ላይ ነው የኖርኩት፤ ይሄኛው አይደንቀኝም።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልወጣለትም። «እንቅልፍ ግን እንጃ። ‹ጥላው ላይ ትንሽ ትቀመጥ› ማለት እንዴት አቃተኝ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሁላችንም እየሮጥን ነበር። ለማንኛውም እርስዎ አሉ፤ የሆነውን ያውቁታል።»

«ያውቁታል» የሚለው ቃል ከነገረ ፈጁ ማስፈራሪያ ይልቅ አስደነገጣት። ፊቱን ማየት አልቻለችም።

ከደረጃው በኩል የክራንች ኳኳታ መጣ። ልጅቷ ከእናቷና ከጠበቃቸው ጋር ነበረች። አንደኛው ጉልበቷ አይታጠፍም። የለበሰችው ያጠራትን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው፤ ከዚህ በቀጥታ ወደ ክፍሏ የሚወስዷት መስሏት ይሆናል።

«ቲቸር!» አለች ርዕሰ መምህርቷን፣ ፊቷ በርቶ።

«ነይ ወዲህ! አትነጋገሩ ተብለናል» አለች እናትየዋ። ግን ራሷ አልቻለችም። «ደግሞስ ምን ብለው ሊያነጋግሩሽ? ይቅርታው ይቅርና ‹ምሕረቱን ይላክልሽ› የሚል አንድ ሰው ከዚያ ግቢ ጠፋ!»

ነገረ ፈጁ የርዕሰ መምህርቷን ክንድ ጨበጠ።

ልጅቷ እያነከሰች ቀረበችና ከርዕሰ መምህርቷ ራቅ ብላ ቆመች፤ ነጩ ክብ እዚያም ያለ ይመስል።

«ቲቸር፣ ትኩሳቴ እኮ ጠፍቷል። እማዬ በየቀኑ ትነካኛለች። አሁን መመለስ እችላለሁ? ማንንም አላስይዝም። ትንሹን ወንድሜን እንኳ አልስመውም።»

ፊሽካ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የችሎቱ በር ተከፍቶ አስተናባሪው የመዝገቡን ቁጥር ጠራ። «ተነሱ፣ እንግባ» አለ ነገረ ፈጁ በሹክሹክታ። «ምንም እንዳይሉ።»

ርዕሰ መምህርቷ ተነሳች። ሁለት እርምጃ ሄደችና ልጅቷ ፊት በርከክ አለች። እጇን የልጅቷ ግንባር ላይ አኖረች።

«ያን ቀንም ትኩሳት አልነበረሽም» አለች። «ፀሐዩ ነው። ጥላ ላይ ተቀምጠሽ እንደገና እንዳትለኪ የከለከልኩት እኔ ነኝ።»

«ምን አሉ?» አለ የእናትየዋ ጠበቃ ከኋላ። በደንብ አልሰማም ነበር።

ነገረ ፈጁ ፈጠን ብሎ መሃል ገባ። «ምንም አላሉም፤ ልጅቷን ሰላም ነው ያሏት።»

እሷ ግን ቀና አለችና ቃሉን ደገመችው፤ አሁን ከፍ አድርጋ።