ካፔምብዋ ጠረጴዛ ላይ

ባሌ ካፔምብዋ ሳሎን ውስጥ በመቁረጫ ማሽን የመስኮት ብረት ሲቆርጥ መብራት ሄደ።

«የሎምቤ አባት፣ ማሽኑን ከሶኬቱ ንቀለው እንጂ!» አልኩት።

«ምን ሊያደርግ? መብራት እንደሆነ የለ!» አለና ማብሪያውን እንኳ ሳያጠፋ ወለሉ ላይ ጥሎት ተቀመጠ።

የማቴሮ ሰፈር ሰው ሁሉ «መጣ!» ብሎ ሲጮህ መቁረጫውም ተነሳ። ምንጣፉን ቦጫጨቀ፣ የሶፋውን እግር ቆረጠ፣ ከዚያ ወደ ባሌ ዞረ። እሱ ጠረጴዛ ላይ ዘሎ ወጣ። እኔ በሩ ጋ ነኝ፤ ሶኬቱ ከማሽኑ ወዲያ ነው።

ጎረቤታችን ጄሬ በመስኮት ብቅ አለ። እሱ የንጎኒ ጎሳ ነው፣ ባሌ የቤምባ፤ ጎሳዎቹ በወግ የሚቀላለዱ ናቸውና እነዚህ ሁለቱ ለቅሶ ቤት እንኳ ካልተሰዳደቡ ወዳጅነታቸው አይሞላም።

«አንተ ጦጣ በላ! አወጣጡን ከምሳህ ተማርከው?»

«አንተ አይጥ በላ፣ ገብተህ ሶኬቱን ንቀልልኝ!»

ጄሬ ግን እንደ ለቅሶ ቤት አልቃሽ ደረቱን እየደቃ ማልቀስ ጀመረ። «ወይኔ ካፔምብዋ! ምክር እንደጠላ ሞተ!»

«ኧረ አልሞትኩም!»

«ዝም በል፣ ሬሳ አያወራም!»

መብራት እንደገና ሄደ። ማሽኑ ጸጥ አለ። ባሌ ወርዶ ደረቱን ነፋ፤ «አየሽ፣ አስቆምኩት!»

ሶኬቱን አየሁት፤ እንደተሰካ ነው። ጠረጴዛው ላይ ወጣሁ።