የሐሙስ ጥርስ

የጥርስ ሕመም የሚወድ ሰው አለ ቢሏችሁ አታምኑም። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ግን ሐሙስ በመጣ ቁጥር ጥርሷን ያማታል፤ ያውም ደስ እያላት። ነገሩ እንዲህ ነው።

ይቺ ሴትዮ ከጠዋት ጀምሮ የርእሰ መምህሩ ቢሮ ደጃፍ ተቀምጣ ስልክ ታነሳለች፣ ማኅተም ትመታለች፣ የጠፋ ሹራብ ታፈላልጋለች። «ልጄ ለምን ወደቀ?» የሚል አባት ሲመጣ መጀመሪያ የምትሰደበው እሷ ናት፤ ፈተናውን ያወጣችው እሷ ይመስል። ቤት ስትገባ ደግሞ ሦስት ልጆች፣ አንድ ባልና አንዲት አማት ይጠብቋታል። ባልየው ክፋት የለበትም፤ አይጠጣም፣ አይሳደብም። ብቻ ካልሲ የሚቀመጠው መሳቢያ ውስጥ መሆኑን በአሥራ አራት ዓመት ትዳር አልደረሰበትም። «ካልሲዬን አይተሽዋል?» ይላል፣ መሳቢያውን ተደግፎ። እሷም ከወጥ ቤት መጥታ ታወጣለታለች። አንድ ቀን ትንሿ ልጇ «እማዬ» ብላ ብትጠራት «ጤና ይስጥልኝ፣ የርእሰ መምህር ቢሮ» ብላ መለሰችላት። ልጅቷ ሳቀች፤ እናትየው ግን ደነገጠች።

ክሊኒኩን ያገኘችው በዚያው ሰሞን ነው። ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለ የጥርስ ክሊኒክ ነው። አንድ አስተማሪ ያመጣውን የሕመም ፈቃድ ለማጣራት ሄደች፤ ሐኪሙ እስኪጨርሱ ተቀመጪ ተባለች። ግድግዳው ላይ «ስልክዎን ይዝጉ» ይላል፤ ዘጋች። አንዱ ጉንጩን ይዟል፣ ሌላዋ ዓይኗን ጨፍናለች። ጥርሱን የታመመ ሰው ወሬ አያበዛም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ማንም ምንም አልጠየቃትም። ስትወጣ ትከሻዋ ከጆሮዋ ወርዶ ቦታው ተመልሶ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ በምሳ ሰዓቷ ተመልሳ ሄደች። የተራ ቁጥር ወስዳ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ቁጥሯ ሲጠራ «እርስዎ ይግቡ፣ እኔ አልቸኩልም» ብላ ለሌላ ሰጠች። ሰውየው መረቃት። ሰዓቷ ሲያልቅ «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብላ ወጣች። ቤት ደግሞ የጥርስ ሕክምና መጀመሯን፣ ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ስልኳ ዝግ መሆኑን ተናገረች። ውሸት ነው ትሉ ይሆናል። ይሁና። ሌላ ምን ትበል? «አንድ ሰዓት ማንም አይጥራኝ» ብትል ባሏ «ለምን?» ብሎ ሰዓቱ እስኪያልቅ ይጠይቃታል። ያቺ አንዲት ሰዓት ባትኖር ከሳምንቱ በሕይወት የምትወጣ አይመስላትም ነበር።

ሰባት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በስምንተኛው፣ ረቡዕ ማታ እራት ላይ፣ አማትየው ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ።

«የት እማማ?»

«ጥርስሽ ጋ ነዋ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ምን እየሠሩሽ ነው? ወይ ያድኑት ወይ ይንቀሉት።»

«እርስዎ ምን አደከመዎት...»

«እማዬ እውነቷን ነው» አለ ባልየው አፉን ሞልቶ። «ብቻዋን ስትሰቃይ ዝም አልን እኮ።» ደግነቱ የሚመጣበት ሰዓት ገዳይ ነው።

በማግስቱ አማትና ምራት ክሊኒኩ ገቡ። አሮጊቷ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ቤቱን ሲቃኙ፣ ጉንጩ ያበጠ አንድ ሰው ከወዲያ ማዶ ፊቱ በራ።

«እህቴ፣ እንደ ባለፈው ተራሽን ትለቂልኛለሽ?»

ጸሐፊዋ ያልሰማች መሰለች። ሰውየው ግን ምስጋና የሚያውቅ ሰው ነውና ወደ አማትየው ዞረ። «ልጅዎ መልአክ ናት። ስንቱን አሳልፋ እሷ ሳትታከም ትሄዳለች።»

አማትየው «እንዴታ» አሉና ምራታቸውን አዩዋት። ጸሐፊዋ ግድግዳውን አየች። ቁጥሯ ሲጠራ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጣ ገባች።

ሐኪሙ ሸበት ያሉ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ወንበሩን አጋደሙት። «የትኛው ነው የሚያምሽ?»

ባገኘችው ጥርስ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ሐኪሙ በመስታወት አዩ፣ ነካ ነካ አደረጉ።

«ይሄ ጥርስ ከኔ ጥርስ ይሻላል» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ የሐሙሷ አይደለሽ?»

«ያውቁኛል?»

«ታንኮራፊያለሽ እኮ። ግድግዳው ስስ ነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አለች። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ ያ ሲመጣ ሁሉንም አመጣው፤ ስልኩን፣ ማኅተሙን፣ ካልሲውን፣ ውጭ የተቀመጡትን አማት ሳይቀር ዘረገፈችላቸው። ባዶ እጇን ብትወጣ ሐሙሷ ዛሬ ያከትማል። ሐኪሙ ጓንታቸውን እያወለቁ ሰሟት።

«እሺ፣ ምን ላድርግልሽ?»

አሰበች። «ከኋላ ያለውን ይንቀሉት» አለች። «እሱን ማንም አያየውም።»

ቀልዷን አልነበረም። ሐኪሙም ቀልዷን አለመሆኑን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ጤነኛ ጥርስማ አልነቅልም» አሉና ጥጥ ጠቅልለው ሰጧት። «ይህን ንከሽ። ሲጠይቁሽ አፌ ደንዝዟል በይ። ወንበሩ ደግሞ የትም አይሄድም፤ ሐሙስ ነይ።»

ጥጥ ነክሳ፣ ጉንጯን ይዛ ወጣች። አማትየው ቀና ብለው አዩዋት፤ ዓይናቸው የእንቅልፍ ዓይን ነበር። ተነሡ። መንገድ ተሻግረው የትምህርት ቤቱ አጥር ጥላ ሥር ሲደርሱ ቆሙ።

«በይ ጥጡን ትፊው» አሉ።

«እ?»

«ትፊው። ጥርሷን ያመማት ሰው እያንጎራጎረች ቤት አትገባም። ከሁለተኛው ሐሙስ ጀምሮ አውቄያለሁ።»

ተፋችው። «ታዲያ ለምን መጡ?»

«ቦታውን ልይልሽ ብዬ ነዋ። ጥሩ ነው። ወንበሩ ይመቻል፣ እኔም ሸለብ አድርጎኝ ነበር። የኔ ከዚህ ይከብድ ነበር።»

«የእርስዎ ምን?»

«ለቅሶ።» አማትየው ግራ ቀኝ አዩ። «አራቱም ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ጥቁር ሻሽ አስሬ ‹አክስቴ አርፋ ለቅሶ ልደርስ ነው› እላለሁ። ለቀስተኛ ማን ይጠራል? አውቶቡስ ተራ ሄጄ አግዳሚው ላይ እቀመጥና የሰው ሻንጣ ሲጫን አያለሁ። ሦስት አክስት ነው ያለኝ፤ አሥራ አንድ ቀብሬያለሁ። አንዷ ዘጠና አልፏታል፣ አሁንም አለች።»

ጸሐፊዋ አጥሩን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እኚህን ሴት ከሥራዎቿ እንደ አንዱ ስትቆጥራቸው ኖራለች፤ አፈረች።

የአማትየው ስልክ ጮኸ። ባልየው ነው፤ የሚስቱ ስልክ ዝግ ቢሆንበት።

«ሥሩ ክፉ ነው አሉ» አሉት እናቱ፣ ፊታቸው ሳይንቀሳቀስ። «ዓመት ይፈጃል። ሁለትም ሊሆን ይችላል። ሐሙስ ሐሙስ እንዳትነኳት።» ዘጉት።

«እማማ፣» አለች ጸሐፊዋ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ያን ሁሉ ለቅሶ ሲሄዱ ልጆቹን ማን ይይዝልዎ ነበር?»

«አማቴ ናቸዋ፣ ነፍሳቸውን ይማር።»

«አልጠረጠሩም?»

«የመጀመሪያዋን አክስቴንማ የገደሉልኝ እሳቸው ናቸው» አሉ አማትየው። «አንድ ጠዋት ፊቴን አዩና ልጁን ከእጄ ተቀብለው፣ ‹አንዷ አክስትሽ ሳትሞት አልቀረችም፤ ተነሺ ሂጂ› አሉኝ።»