ፌንጣን የሚያውቃት የለም

መቀመጥ የሚባል ነገር ከተወለደች ጀምሮ አልሆነላትም። ጡት ስትጠባ እንኳ እግሯ ይራገጥ ነበር ይባላል። «ፌንጣ» የሚለውን ስም ያወጣችላት እናቷ ስትሆን ሰፈሩም ተቀብሎ አጸደቀው። አሁን ሃያ ሰባት ዓመት ከአሥር ወር ሆኗታል። አሥሩን ወር ማንም ልብ አይልላትም፤ እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ታስበዋለች፤ ፖሊስ ማሠልጠኛው ሃያ ስምንት የሞላውን አይቀበልምና። ዘንድሮ ካመለጣት አመለጣት ነው።

አራት ዓመት ሙሉ የሠራችው በአንድ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ቦርሳ በመፈተሽ ነው። እጇ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ዓይኗ ግን ሰው ፊት ላይ ነው። አንድ ቀን አንዲት ሴት ቦርሳዋን ከፍታ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ «እባክሽ ቶሎ አታሳልፊኝ፤ የተከተለኝ ሰው አለ» አለቻት። ፌንጣ ያን ቦርሳ እንደ ጉድ ፈተሸችው። ማበጠሪያውን ሳይቀር አንድ በአንድ እያወጣች ደረደረች፤ በመሐል ባልደረባዋን ልካ ፖሊስ አስጠራች። ፖሊሱ የደረሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፣ እያዛጋ። ሰውዬው ሄዷል፤ ሴትዮዋም ሄዳለች። «ታዲያ ምን ልጻፍ?» አለ ፖሊሱ። ፌንጣ ያን ቀን ማታ እህል አልወረደላትም። ለእናቷ የነገረቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እማ፣ እኔ ቶሎ የሚደርሰው ሰው መሆን እፈልጋለሁ።»

እናት ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን መዘውር በእጇ ያዝ አድርጋ አቆመችና፣ «ፖሊስ?» አለች።

«ፖሊስ።»

«እንግዲህ የኔ ደንበኞች ቤቴ ሲመጡ አፋቸውን ዘግተው ሊለኩ ነው።» መዘውሩንም መልሳ አስኬደችው።

አመለከተች። ሩጫውን አለፈች፤ ለሷ ሩጫ ምን ፈተና ነው! የጽሑፉን አለፈች። ሐኪሙም ልቧን አዳምጦ «ጤነኛ ነሽ፤ ብቻ ትንሽ ተረጋጊ» ብሎ ፈረመላት። የቀረው የሰፈር ማጣራት ነበር፦ አንድ የፖሊስ ባልደረባ ሲቪል ለብሶ ወደ እጩዋ መንደር ይሄዳል፣ ሦስት ጎረቤት ይጠይቃል፣ ጠባይዋን መዝግቦ ይመለሳል። ፌንጣ እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሠራች። ከእናቷ በቀር ለማንም አልተናገረችም። «ብወድቅ በሰው ፊት አልወድቅ፤ ካለፍኩ ያኔ ይሰማሉ» ብላ ነው። እናቷንም አፏን አስዘጋቻት።

ሁለት ሳምንት ጠበቀች፤ መጠበቅ ካሉት። ከሥራ ስትመለስ ሁለት ፌርማታ ቀድማ ወርዳ በእግሯ ትሄዳለች። ቤት ገብታ የታጠፈ ልብስ ፈትታ ታጥፋለች። ስልኳ ሲጮህ ወንበር ይወድቃል። «ልጄ፣ አንቺ ስትመላለሺ የኔ ክር ይበጠሳል» ትላታለች እናቷ። በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ተደወለ፦ «ቢሮ ድረስ ነይ።»

ሳጅኑ ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነበር። ፋይሏን ገለጠ።

«በሰጠሽው አድራሻ ሄጄ ነበር። ሦስት ሰው ጠየቅሁ። የሚያውቅሽ የለም።»

«ምን?»

«ላንብብልሽ። ጫማ ሰፊ፣ ዕድሜው ስልሳ ግድም፦ ‹እንዲህ የምትባል ሰው ሰምቼም አላውቅ።› ባለሱቅ፣ ሴት፦ ‹ነበረች መሰለኝ፤ አገር ለቃ ከሄደች ዓመታት ሆናት።› ሦስተኛው ቤት በር ተከፈተ፣ ‹ማንም የለም› ተባልኩ፣ ተዘጋ። ‹ማንም የለም› ያለችኝ ሴትዮ ራሷ ሰው አይደለችም መሰለኝ።»

«እዚያው ነው የተወለድኩት! መታወቂያዬ አለ፣ የውሃ ቢሉ አለ...»

«ወረቀትማ ሞልቶኛል፤ የጎደለኝ ሰው ነው። ሐሰተኛ አድራሻ የሰጠ እጩ ይሰረዛል። ኮሚቴው የሚቀመጠው ዓርብ ጠዋት ነው።» ባዶ ወረቀት ገፋ አደረገላት። «አንድ መላ አለ። ሦስቱ ሰዎች ለፖሊስ እንደዋሹ ጽፈሽ፣ ማን ማን እንደሆኑ ጠቅሰሽ ፈርሚ። ጥፋቱ ወደ እነሱ ይዞራል፣ ያንቺ ፋይል ይጸዳል።»

«እነሱስ?»

«ይጠራሉ፣ ይጠየቃሉ። ያው ሥራ ነው።»

ብዕሩን አነሳች። ጠረጴዛው ሥር እግሯ እንደ ስፌት መኪና ይርገበገባል። የመጀመሪያውን ቃል ልትጽፍ አለችና የጫማ ሰፊው ጥቁር ጣቶች ትዝ አሏት። ብዕሩን አስቀመጠች።

«እስከ ዓርብ ጊዜ ይስጡኝ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ ቀን አይጠፋኝም» አለችና ወጣች።

ጋሽ ወስፌ የሚሉት ያ ጫማ ሰፊ ነው። ቦታው የግቢያቸው በር አጠገብ፣ አንድ በርጩማና አንድ ሣጥን። ፌንጣ እያለከለከች ፊቱ ቆመች።

«ጋሼ፣ እኔን የጠየቀ ሰው መጥቶ ነበር?»

ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «መጥቶ ነበር። ሸኘሁት። አይዞሽ።»

«ለምን ሸኙት?»

«ሲቪል ለብሷል፤ ጫማው ግን የመንግሥት ነው። እኔ ሰውን በፊቱ አላውቅ፣ በሶሉ ነው። ደግሞ ስምሽን ከነአባትሽ ጠራው። እዚህ ሰፈር በስምሽ የሚጠራሽ ማን አለ? ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው ብዬ ደነገጥኩልሽ።»

ባለሱቋ ከመስኮቷ አንገቷን አስግጋ ነበር። እትዬ ሬዲዮ ይሏታል፤ እሷ የሰማችውን ሰፈሩ ሳይሰማ አይመሽም። «እኔማ ድንበር አሻገርኩሽ!» አለች በኩራት። «አገር ለቃለች አልኩት። ለሰው ምላሴን ለጉሜ አላውቅም፣ ላንቺ ለጎምኩት። ኧረ ለመሆኑ ምን ሰርቀሽ ነው?»

«ፖሊስ ልሆን አመልክቼ ነው!»

እትዬ ሬዲዮ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። እንዲህ ዝም ስትል የሰፈሩ ሰው አይቶ አያውቅም።

«ታዲያ አትነግሪንም?» አለ ጋሽ ወስፌ፣ ቀስ ብሎ። «ብትነግሪን ኖሮ እኮ...» አልጨረሰውም። የያዘውን ጫማ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ስሚኝ። ያኔ አንቺ ገና ትምህርት ቤት አልገባሽም። እዚህችው ቦታ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሰው መጣና ‹ቧንቧ ሠራተኛው የት ነው የሚኖረው?› አለኝ። ቧንቧው የፈነዳበት ሰው መሰለኝ። ‹ያ ሰማያዊው በር ነው› አልኩት። ለካ ጠያቂው የመንግሥት ሰው ነበር፤ ቧንቧ ሠራተኛው ስምንት ወር ታሰረ። ኋላ ሲጣራ የፈለጉት ሌላ ሰው ነበር። ሲፈታ በፊቴ አለፈ። አልሰደበኝም፤ ሰላምም አላለኝም። በወሩ ቤቱን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ማንንም አላውቅም። አምላኬ ይፍረደው።»

«ጋሼ፣ አብረውኝ ፖሊስ ቢሮ ሄደው አውቃታለሁ ቢሉልኝ በቂ ነው።»

«እግሬ እዚያ አይገባም። የኔ ልጅ ነሽ፤ ግን አይገባም።»

ቤት ገባች። እናቷ ሁሉንም በመስኮት ሰምታለች። «እንዲቀርብሽ ስለት አልተሳልኩም» አለች መርፌዋን እያየች፣ «ግን ቀረብሽ ሲባል ዕንባም አልመጣልኝ። እግዜር የዘጋውን በር አትደብድቢ ልጄ።»

«እግዜር መቼ ዘጋው እማ? የዘጋው ጋሽ ወስፌ ነው!»

እናት ሳቋ አመለጣት፤ ቶሎ ብላ በእጇ ሸፈነችው።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት ፌንጣ በሩ ላይ ነበረች። ሳጅኑ ቁልፉን እንደያዘ ሲያያት በረጅሙ ተነፈሰ።

«ጽፈሽ አመጣሽ?»

«አልጻፍኩም። እርስዎ ከኔ ጋር ይምጡ። በቀን፣ በደንብ ልብስዎ። ፊት ለፊታቸው ይጠይቋቸው።»

«እኔ ሌላ ሃያ ፋይል አለኝ።»

«ከሃያው በእግሩ መጥቶ የለመነዎት አለ?»

ሳጅኑ መለዮውን አንስቶ ደፋ። በመንገድ ላይ እሷ ስትቀድም እሱ ሲያለከልክ፣ «ቀስ በይ እንጂ! ማን ማንን እየወሰደ እንደሆነ ሰው ግራ ይገባዋል» ይላል። እውነቱን ነበር። የሰፈሩ መግቢያ ላይ ሲደርሱ አንድ ብስክሌት ከጥግ ተወርውሮ ሲመጣ ፌንጣ አላየችውም፤ ሳጅኑ ክንዷን አፈፍ አድርጎ ወደ ኋላ ጎተታት። ሰፈሩ ብስክሌቱን አላየም። ያየው የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ የፌንጣን ክንድ ጨምድዶ ሲይዝ ነው።

«ወሰዷት!» አለች እትዬ ሬዲዮ። ድምፅዋ ተመልሶላታል።

በር በበሩ ተከፈተ። ያቺ «ማንም የለም» ያለችው ጎረቤት በእጇ የሳሙና አረፋ እንዳለ ወጣች። «ምን አድርጋ ነው? ይቺን ልጅ ከአራስ ቤት ጀምሮ አውቃታለሁ!»

«እኔ ሱቅ ነው ያደገችው! መልስ ተሳስቼ ጨምሬ ስሰጣት የምትመልስ ልጅ ናት!» አለች እትዬ ሬዲዮ።

እናት የመለኪያውን ሜትር አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ትልቁን መቀስ እንደያዘች ደረሰች። ሳጅኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እናቴ፣ መቀሱን መሬት ያድርጉት እባክዎ።»

«ልጄን ልቀቃት!»

ጋሽ ወስፌ ከበርጩማው ተነሣ። ለመነሣት ሰዓት የሚፈጅበት ሰው ዛሬ አንድ ጊዜ ብድግ አለ። መጥቶ በሳጅኑና በፌንጣ መሐል ቆመ። «የዋሸሁህ እኔ ነኝ። እሷ ምንም አታውቅም። የምትወስደው ካለ እኔን ውሰድ።»

«እማ! ጋሼ! ብስክሌት ሊገጨኝ ነበር እኮ!» ትላለች ፌንጣ፤ ማን ሰምቷት።

ሳጅኑ ክንዷን ለቀቀ። መነጽሩን ከደረቱ አንስቶ አደረገ፣ ፋይሉን ገለጠ፣ ብዕሩን አወጣ። «እንግዲያው ታውቋታላችሁ ማለት ነው።»

የሳሙናው አረፋ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ እትዬ ሬዲዮ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ለቅሶ መስሏቸው ሲያዩ ሳቅ ነው። ሳቁ ከአንዷ ወደ አንዷ ተዛመተ። ጋሽ ወስፌ ብቻ አልሳቀም።

ሳጅኑ በሱቁ መስኮት ላይ ተደግፎ ጻፈ። ሁለቱ ሴቶች ሳያነቡ ፈረሙ። ጋሽ ወስፌ ግን እጁን በሽርጡ ጠርጎ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ በጣቱ ቃል በቃል እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። ፌንጣ ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው ትቀያይራለች። አንድ ቦታ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«‹ትሑት፣ ታጋሽ› ይላል። ታጋሽ ናት ብሎ የነገረህ ማነው?»

«ማንም። የተለመደ አጻጻፍ ነው አባቴ።»

«ሰርዘው።»

«ጋሼ!» አለች እናት። አሁን ደግሞ ማን ለማን እንደቆመ ተደበላልቋል።

ሳጅኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቴ፣ ኮሚቴው እንዲህ ያለ ስርዝ አይወድም። ሊጎዳት ይችላል።»

«ሰው ለማዳን አፌን አበድሬያለሁ፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። እጄን ግን ለውሸት አላበድርም። ይቺ ልጅ ወጥ እስኪሞቅ አትጠብቅም።»

ሁሉም ወደ ፌንጣ ዞሩ። ሃያ ስምንት ሊሞላት ሁለት ወር። አንድ ቃል። ‹ተዉት ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ› ልትል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። የሽማግሌውን ፊት አየች፤ የሚለምን ፊት አልነበረም፣ የሚጠብቅ እንጂ።

«ይሰረዝ» አለች። «እውነቱን ነው።»

ሳጅኑ ሰረዘው። ጋሽ ወስፌ ግን አሁንም ብዕሩን አልተቀበለም። «በቦታው ጻፍ፦ መጠበቅ አትችልም፤ ሰው የጮኸ እንደሆነ ግን ከሁሉ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት።» ሳጅኑ ቀና ብሎ አየው፣ እንዳለው ጻፈ። ሽማግሌው ፈርሞ ወደ በርጩማው ተመለሰ።

ዓርብ ከሰዓት የስም ዝርዝሩ ተለጠፈ። ስሟ ከታች ሦስተኛው ላይ ነበር። አራቴ አነበበችው፤ ከዚያ ሁለት ፌርማታ ሳይሆን መንገዱን በሙሉ በእግሯ ሮጠችው። ሰፈር ስትገባ እትዬ ሬዲዮና ሁለት ሴቶች መስኮቱ ሥር ተጠጋግተው ያወራሉ። ኮቴዋን ሲሰሙ አቆሙ።

«አለፍኩ!»

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ!» አሉ፤ ሳሟትም። ከልባቸው ነው።

«ምን እያወራችሁ ነበር?»

«ኧረ ምንም» አለች እትዬ ሬዲዮ። «ስለ ፀሐዩ ነው።»

በሃያ ሰባት ዓመት ዕድሜዋ ከዚያ መስኮት ሥር የተደበቃት ወሬ አልነበረም። ጋሽ ወስፌን ዞር ብላ አየችው፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰፋል። «ደህና ዋሉ» አለችና ቤት ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

እናቷ መዘውሩን አቆመች። «ሆነልሽ?»

«ሆነልኝ።»

«ተመስገን። በይ እንግዲህ ዛሬ እንኳ ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። መዝጊያውን ተደግፋ፣ ጆሮዋን ወደ ውጭ አድርጋ፣ ወሬው እስኪቀጥል ቆማ ጠበቀች።