ለቀድሞው ስንት ነጥብ?

በማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ «ውሃ ልክ» ነው የሚሏት። ግንበኛ ግድግዳው መቅናቱን የሚያይባት ያቺ ዕቃ መሆኗ ነው። አላበዙባትም። ሰው ቤት ለጥየቃ ሄዳ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶ ትንሽ ካዘመመ ወሬው አይገባትም፤ ተነስቼ ካላቃናሁ ሞቼ እገኛለሁ የምትል መሐንዲስ ናት። ለፍርድም እንደዚያው ናት፤ የዘመመ አትወድም።

እንግዲህ ይህችን ሴት እግዜር ሊፈትናት ሲፈልግ አንድ ትምህርት ቤት ላከባት። ተዳፋት ላይ ያለው ትምህርት ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት በርካሽ እሠራለሁ ላለ መሐንዲስ ተሰጥቶ፣ ነገሩ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆነና፣ ከታች ያለው ደጋፊ ግንብ ሆዱን ነፍቶ ክፍሎቹ ተሰነጣጠቁ። ከዚያ ወዲህ መመሪያው ተለወጠ። መጀመሪያ መሐንዲሱ በችሎታው ይመረጣል፤ የሠራው ይታያል፣ ያሠሩት ሰዎች ይጠየቃሉ፤ የዋጋ ነገር የሚነሳው አንደኛ ከወጣው ጋር ብቻ፣ በኋላ ነው። መመሪያው እንዲወጣ ከሁሉ ጋር ስትጨቃጨቅ የኖረችው ራሷ ውሃ ልክ ናት። ደግሞም አንዲት ልጇ እዚያው ትምህርት ቤት ታስተምራለች።

አሁን ትምህርት ቤቱን የሚያድስ መሐንዲስ ሲመረጥ፣ ለመጨረሻው ዙር ሁለት ተወዳዳሪዎች ቀረቡ። የሁለተኛውን ማመልከቻ ስትገልጥ ዓይኗን ማመን አቃታት። የቀድሞው! ከተፋቱ ወዲህ ስሙን ጠርታው አታውቅም፤ ከሥልጣን እንደወረደ ሹም «የቀድሞው» ነው የምትለው።

«ዓይኑን በጨው አጥቦ እኔ ፊት ይቀርባል!» አለች ብቻዋን፣ ጮክ ብላ።

ወዲያው ለመራጩ ኮሚቴ ተናገረች። ኮሚቴው እሷን ጨምሮ ሦስት ሰው ነው፤ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርና የማዘጋጃ ቤቱ የፋይናንስ ኃላፊ አሉበት። «ባሌ የነበረ ሰው ነው፤ እኔ ከዚህ ልውጣ» አለቻቸው።

ፋይናንሱ አብሯት ያረጀ ባልደረባዋ ነው። መመሪያውን ገልጦ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደ። «ሚስት ይላል፣ ወንድም ይላል፣ አማች ይላል። የተፋታች ሚስት የሚል የለም። ደግሞስ ከኛ መሐል መሐንዲስ አንቺ ብቻ ነሽ። እኛ ግንብ የምናውቀው ተደግፈነው ስንቆም ነው።»

ርዕሰ መምህሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «እንዲያውም ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃቸዋል?» አለ።

አፈጠጠችበት። «እሺ» አለች በመጨረሻ፣ «ግን ነጥብ የምሰጠው ከናንተ በኋላ ነው፤ ምክንያቴንም ፊታችሁ ነው የምናገረው። ካዘመምኩ ንገሩኝ።»

ዝቅ ብታደርገው «ቂመኛ»፣ ከፍ ብታደርገው «ዛሬም አልወጣላትም» ሊሏት ነው። ይሁን፣ የሰው አፍ ለምዳዋለች። የፈራችው የራሷን ሆድ ነበር። በቂም ተነድታ ደካማውን ብትመርጥ ግንቡ የሚናደው ልጆች ላይ ነው፤ የገዛ ልጇም እዚያው ናት።

ማታ ልጅቷ ስትመጣ ወሬውን ሰምታ ኖሯል። «እኔን እንዳትጠይቂኝ እማዬ» አለች ገና ጫማዋን ሳታወልቅ። «ለኔ አባቴ ነው፣ ላንቺ ተወዳዳሪ ነው። ግድግዳው ሲወድቅ ግን የማን ምን ነሽ ብሎ አይጠይቅም።» ይህች ልጅ በማን ወጣች ቢሉ፣ መቼም በአባቷ አይደለም።

በማግስቱ ውሃ ልክ የቀድሞውን ያሠሩትን ሰዎች ለመጠየቅ የማዋለጃ ሕንጻ የሠራለት ሆስፒታል ሄደች። ስንጥቅ ፍለጋ ጥጋጥጉን ዞረች፤ የለም። ውሃ መውረጃውን አየች፤ ንጹሕ ነው። «በጊዜው ጨረሰ?» ብላ ዋና ነርሷን ጠየቀቻት። ለገዛ ሠርጉ ያረፈደ ሰው ነው እኮ!

«ከቀኑ በፊት» አለች ነርሷ። «ደግሞ አደማመጡ! ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ሳይቀር ቁጭ ብሎ ነው የጠየቀው። አልጋ ሲገፋ በሩ ይጠባል ብለን በአንድ ቃል ብንነግረው፣ ሥዕሉን እንደገና ሠርቶ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው ያገባች ሴት ታድላ!»

ውሃ ልክ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ስንት ክረምት ነው የመኝታ ቤታችን ጣሪያ ያፈሳል ስትለው ጆሮ ዳባ ልበስ ያላት? «እሺ» ይላል፣ ጋዜጣውን ይገልጣል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! ጣሪያ መጠገን አቅቷት አልነበረም፤ እልህ ነው። ባልዲ ደቅና ስትጠብቅ ስትጠብቅ ትዳሩ አለቀ። አሁን ተናደደች፤ ንዴት ብቻም አልነበረም፣ ቀናች። ሌላ ሴት ብትወስደው ኖሮ ወግ ነው፤ በሆስፒታል መቅናት ግን ምን ይባላል?

የቃል ፈተናው ቀን ቀድሞ የገባው ወጣቱ ተወዳዳሪ ነበር። ሱፉ ያበራል፣ ምላሱ ማር ነው፣ የሚያሳያቸው ሥዕል ዓይን ያፈዛል። ርዕሰ መምህሩ ተማርኮ ነበር። ውሃ ልክ ግን «ተዳፋት ላይ የሠራኸው ምን አለ?» ስትለው፣ «በቅርቡ እንጀምራለን» አለ፤ «ቦታው ላይ ማን ይቆማል?» ስትለው፣ «ሰው እንመድባለን» አለ።

ከዚያ የቀድሞው ገባ፤ ከሰዓቱ ቀድሞ ደርሶ ኮሪደሩ ላይ ሲጠብቅ ነበር። ሸብቷል። ስለ ግንቡ ሲጠየቅ ከጀርባው የሚታቆረው ውሃ መውጫ እንዳጣ፣ ከየት በኩል መልቀቅ እንዳለበት አስረዳ። ትክክል ነበር። ውሃ ልክ ራሷ ብትሆን እንደዚያው ነበር የምትለው።

ተራው የእሷ ሆነ። «እርስዎ» አለችው። ፋይናንሱ ሳል ያዘው። «ያሠሩዎት ሰዎች ሰሚ ነዎት ይላሉ። መስማት የጀመሩት መቼ ነው?»

የቀድሞው እጆቹን ተመለከተ። «ከተፋታን በኋላ ነው» አለ። «ቤት ሆነሽ የምትነግሪኝን ሁሉ፣ ገብቶኛል እያልኩ አልሰማሁም። ጥለሽኝ ስትሄጂ ምን አጠፋሁ ብዬ ማሰብ ያዝኩ፤ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲናገር ፈርቼ ነው የምሰማው።»

«ጨርሰዋል፤ ውጭ ይጠብቁ» አለችው።

ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ነጥባቸውን ሰጡ። እሷም በተራዋ ያየችውን ግድግዳ፣ ከቀኑ በፊት መጨረሱን፣ የውሃውን ነገር አንድ በአንድ እየተናገረች ሞላች። የመጨረሻው «አሠሪን ማዳመጥ» ነበር። ብዕሯ ቆመ።

«ሙሉ» አለች። «ነርሷ መስክራለች፤ እኛም ሰምተናል።»

የቀድሞው አንደኛ ወጣ። ፋይናንሱ ቀልዱን ሁሉ ትቶ «ቅር አላለሽም?» አላት ቀስ ብሎ።

«እንዴት አይለኝ! እኔ ስለምነው የኖርኩትን ለሰው ሁሉ ሲያድል!» እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «ግን ቅሬታው የኔ ነው፤ ግንቡ የልጆቹ ነው። በሉ ጥሩት፣ ስለ ዋጋው እንነጋገር።»