ጭቃው ውስጥ የቀረው ሳሙራይ

ያንን በጭቃ የተደፋ ሳሙራይ እያያችሁ ያጨበጨባችሁ ሁሉ፣ ምን እንዳያችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ አውቃለሁ። የፊልሙን ድርሰት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሲቀረጽ ከካሜራው ኋላ ቆሜ ነበር።

ሳሙራዩን የተጫወተው ኢሶጋይ ነው። ጃፓን፣ ኪዮቶ ውስጥ፣ ፊልም ላይ በሰይፍ እየተመታ መውደቅ እንጀራው ነበር። በዚያ ሙያ ሕጉ አንድ ነው፦ ዳይሬክተሩ «በቃ!» ሳይል የሞተ አይንቀሳቀስም፣ የሞተንም ማንም አይነካም።

በዚህ ትዕይንት ቀረጻ ዋዜማ ዳይሬክተር ኩዋባራ በሠራተኛው ፊት አዋርዶት ነበር።

«ሬሳህ ተነፈሰ! እንቅልፍ ካማረህ ቤትህ ሄደህ ተኛ!»

ኢሶጋይ አጎንብሶ ይቅርታ ጠየቀ።

በማግስቱ ጥሩሩን ሲያስር ቀረብኩት።

«ፊትህን ወደ ጎን አድርገህ ውደቅ፤ የምትወድቅበት የሩዝ ማሳ ውሃ ይዟል» አልኩት።

«ወደ ጎንማ ከሆነ ስተነፍስ ኩዋባራ ያየኛል» ብሎ ሳቀ። «ዛሬ ሚስቴ መጥታ ብታለቅስብኝም አልነቃ። አንተ ብቻ ስጨርስ የምንጠጣውን ሳኬ አሙቅልኝ።»

ለቀረጻው ዝናብ የሚያወርደው ቧንቧ ተከፈተ። ኢሶጋይ ተመታ፣ ዞረ፣ ሩዝ ማሳው ውስጥ በግንባሩ ተደፋ። ገዳዩ ሰይፉን ጠርጎ ወደ ሰገባው መለሰ። እኔ የጻፍኩት እስከዚያ ነው። ካሜራው ግን አልቆመም። ውሃው እየሞላ ጆሮውን አለፈ። ጣቶቹ ጭቃውን ጨበጡ።

«ኧረ ሰውየው ታፈነ! አስነሳው!» አልኩ።

«ዝም በል! እንዲህ ያለ ሞት ሁለተኛ አላገኝም» አለኝ ኩዋባራ፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

ልሮጥ ስል ሁለት ሠራተኞች ጨምድደው ያዙኝ። ክፉዎች አልነበሩም፤ ቀረጻ ማበላሸት በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። ከኢሶጋይ ጎን የተጋደሙት «ሙታን»ም ንቅንቅ አላሉም። የጨበጡት ጣቶች ቀስ ብለው ተፈቱ።

«በቃ!»

ሁሉም ጭቃቸውን እያራገፉ ተነሱ። ኢሶጋይ አልተነሳም።

ጋዜጦች «አሳዛኝ አደጋ» ብለው አለፉት። ዛሬ ያ አወዳደቅ በየአገሩ ይቀዳል። መምህራን ፊልሙን እያቆሙ ጣቶቹን ያሳያሉ፤ የትወና ጫፍ ነው ይላሉ። ትወና! የሰው ነፍስ ስትወጣ እያሳዩ ተማሪ ያስተምራሉ!

ኩዋባራ ሆይ፣ በቅርቡ ለዚህ ፊልም ልትሸለም መድረክ ላይ ትወጣለህ። እኔም አዳራሹ ውስጥ አለሁ። ሰውየው ሲታፈን አይተሃል፤ ነግሬህም ሰምተሃል። ለምን «በቃ!» አላልክም? ሽልማቱን ከመቀበልህ በፊት፣ እዚያው፣ በሕዝብ ፊት መልስ!