የመንገደኛው ወተት

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ጠጣው፤ ማንም አልሞተም» አለች ሰኢዳ።

«እስኪሞት እንጠብቅ ነው የሚሉኝ?» አለ አብዮት። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገው። እስክሪብቶው ተንከባልሎ የሮማነወርቅ ደብተር ጥግ ሲደርስ ቆመ።

አምስቱ የቦርድ አባላት ሰመራ ባለው የድርጅቱ ቢሮ ከሦስት ሰዓት ጀምረው ተቀምጠዋል፤ አሁን ስድስት ተኩል ሆኗል። ድርጅቱ ትንሽ ነው። ከአርብቶ አደሮች የግመል ወተት ተቀብሎ ለከተማ ያደርሳል፤ በአዋሽ ዳር አትክልት ለሚያለሙ ሴቶችም ዘር ያድላል። ከሥራዎቹ ሁሉ ትንሹ አዳይቱ በሚገኘው የወተት ቤት ደጃፍ የሚቀመጠው ዕቃ ነው። ከዘንባባ ቅጠል የተጎነጎነ፣ በእንጨት ጭስ የታጠነ፣ ከሰኢዳ እናት የተወረሰ ዕቃ። በየማለዳው ወተት ይሞላና ከመንገድ የወረደ ሁሉ ማንነቱን ሳይጠየቅ፣ ሳይከፍል ይጠጣል። ወተት መሸጥ ነውር በሆነበት አገር ሰኢዳ ዘመዶቿን አግባብታ ያስማማቻቸው በአንድ ቃል ነበር፤ ሌላው ይሸጥ፣ የመንገደኛው ግን እንደ ድሮው ይሆናል ብላ። ዛሬ የምትከራከረው ለዚያ ቃል ነው።

ባለፈው ክረምት ከዕቃው ጠጥቶ ያለፈ አንድ የቦቴ ሹፌር ሎጊያ ላይ በትኩሳት ወድቆ ሁለት ወር ተኛ። ከወተቱ ይሁን ከሌላ ያወቀ የለም። የእንስሳት ሐኪሙ አብዮት ግን ሆስፒታል ድረስ ሄዶ አይቶታል፤ ያልፈላ ወተት ምን ሊያመጣ እንደሚችልም ያውቃል። ዕቃው ከደጃፍ ይነሣ የሚለው ሐሳብ የእሱ ነው። ክፋት እንደሌለበት ሰኢዳም አልጠፋትም፤ ነገሩን ያከበደው ይኸው ነበር።

«ዶክተር፣ አንተ እኮ የሰመራን የቧንቧ ውሃ እንኳ አፍልተህ ነው የምትታጠበው» አለ መሀመድአሚን። ሎጊያ ላይ ምግብ ቤት አለው፤ ከሰኢዳ ጋር ነው የቆመው። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ራሱ እንደሚያቃጥል ሁሉም ስለሚያውቁ አብዮትም ሳይወድ ሳቀ።

ጸሐፊዋ ሮማነወርቅ ድምፅ ቆጠረች። የእሷና የአብዮት በአንድ ወገን፣ የሰኢዳና የመሀመድአሚን በሌላ። ከዚያ ፊቷን ወደ ሊቀመንበሩ አዞረች።

ሊቀመንበሩ ሀብተ ሥላሴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ለስብሰባው ከአዋሽ ከተማ የመጣው ትናንት ነበር። አልተኛም፣ ነቅቷል ማለትም ያስቸግራል። በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ከአስፋልቱ በላይ አየሩ እንደ ውሃ ይርገበገባል፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት መኪኖች ጎማቸው መሬት ሳይነካ፣ ያለ ድምፅ፣ እየተንሳፈፉ ያልፋሉ። ከመካከላቸው አንድ አሮጌ አውቶቡስ የሚመጣ መሰለው።

ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት፣ ገና ለማስተማር ተመድቦ ሲሄድ፣ የተሳፈረበት አውቶቡስ ከገዋኔ ወዲህ ተበላሽቶ ነበር። ጥላ ፍለጋ ራቅ ብሎ ሄደ፤ ሲመለስ መንገዱ ጠፋበት። አንድ ግራር ሥር ተጋደመ። ከዚያ የሴት እጅ፣ የተጎነጎነ ዕቃ፣ ቀዝቃዛ ወተት፣ ጭስ ጭስ የሚል። የሴትዮዋን ፊት አላየም፤ ፀሐይ ከኋላዋ ነበረች። ምስጋና በቋንቋዋ እንዴት እንደሚባል አላወቀም። ጥሩንባ ሲሰማ ተነሥቶ ድምፁን ተከትሎ ሄደ። ተሳፋሪዎቹ ሴት አላየንም አሉ። ለሚስቱ እንኳ ነግሯት አያውቅም። አንዳንድ ቀን ሕልም ነበር ይላል፤ ግን የጭሱ ጣዕም ምላሱ ላይ እስከ ማግሥቱ ቆይቷል።

«መምህር፣ አንተ ምን ትላለህ?» አለች ሰኢዳ። ትልቅ ትንሽ ሳትል ለሁሉም አንተ ነው የምትለው፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ደስ ይለዋል።

ሊነግራቸው ነበር። አውቶቡሱ፣ ግራሩ፣ የሴትዮዋ እጅ፣ ሁሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሱ። የሮማነወርቅ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ አየ። እንዲህ ያለ ነገር በቃለ ጉባኤ እንዴት ይጻፋል?

«ዕቃው ይቆይ» አለ። «ወተቱ ግን ይፍላ።»

ክፍሉ ቀለል አለው። አብዮት ይህማ ከሆነ ተቃውሞ የለኝም አለ። መሀመድአሚን ትልቅ ድስት ከምግብ ቤቱ ሊሰጥ ቃል ገባ። ሮማነወርቅ ትኩስ ወተት የተጎነጎነ ዕቃ ውስጥ እንደማይገባ አስታወሰችና ባለ ቧንቧ በርሜል ይገዛ አለች፤ የድሮው ዕቃ ደግሞ ሰው እንዲያየው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። እያንዳንዱ ሐሳብ ከፊተኛው የተሻለ መሰለ። ሀብተ ሥላሴ በሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ሰኢዳ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«የፈላ ወተት እኛ ለታመመ ሰው ነው የምንሰጠው» አለች። «መንገደኛ አልታመመም። እንግዳ ነው።»

«እንዳይታመም ብለን እኮ ነው፣ እናቴ» አለ አብዮት ለስለስ ብሎ።

ሰኢዳ ቃለ ጉባኤው ሲዞር እንደ ወትሮዋ መጨረሻ ላይ፣ ስሟን ፊደል በፊደል ጽፋ ፈረመች።

በሰባት ሰዓት የድርጅቱ መኪና ሁለቱን ይዞ ተነሣ፤ ሰኢዳን አዳይቱ አውርዶ ሀብተ ሥላሴን አዋሽ ሊያደርስ። ሹፌሩ ዩሱፍ ሬዲዮ ከፈተ፤ ጣቢያው ሲርቅ መልሶ ዘጋው። ጥቁር ድንጋይ፣ ነጭ አቧራ፣ እንደገና ጥቁር ድንጋይ። ሀብተ ሥላሴ ከኋላው ለተቀመጠችው ሴት የሚነግራትን በልቡ እያሰናዳ ነበር። ወይዘሮ ሰኢዳ፣ አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ስሄድ፣ ብሎ ይጀምርና እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ሲነቃ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። በሕልሙ ነግሯት ጨርሶ ነበር። እሷም አውቃለሁ ብላው ነበር።

አዳይቱ ሲደርሱ ዩሱፍ የኋላውን ጎማ ሊያይ ወረደ። በወተት ቤቱ ግድግዳ ጥላ ሁለት ሹፌሮች ቁጭ ብለው ስለ ኬላ ያወራሉ። ሰኢዳ ወደ ደጃፉ ሄደች። ዕቃውን አነሣችና የቀረውን ወተት በሹፌሮቹ ኩባያ አካፈለች። እነሱም ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ተቀብለው ጠጡ። ዕቃውን ዘቅዝቃ የመጨረሻዋን ጠብታ አራገፈች፣ ጠፍሩን በትከሻዋ አጋድማ አዘለችው፣ በመኪናው መስኮት አጠገብ አለፈች።

ጭሱ ሸተተው። እጁ ወደ በሩ መክፈቻ ሄዶ እዚያው ቆየ።

አስፋልቱን ተሻገረች። ከማዶ በግራሮቹ መካከል መንገድ አይታይም፤ እሷ ግን በመንገድ እንደሚሄድ ሰው ሳታመነታ ገባች።

ዩሱፍ እጁን እየጠረገ ተመለሰ። ጎማው ደኅና ነው፣ አለ፤ ምሳችንን ገዋኔ ብንበላ ይሻላል ወይስ እዚሁ?

«ገዋኔ ይሻላል» አለ ሀብተ ሥላሴ።

ዩሱፍ ጃኬቱን አውልቆ ከኋላ ባዶው ወንበር ላይ ወረወረና ሞተሩን አስነሣ።