ሳይናገር የገባው

ወደ ዓይነ ስውራን ልጆች ማንበቢያ ክፍል የሚገባ ሁሉ በሩ ላይ «እገሌ ነኝ» ብሎ ማንነቱን ይናገራል። አለቃዬ እንኳ አንዴ ዝም ብሎ ቢገባ ልክ ልኩን ነግሬዋለሁ።

ትናንት ሌሎቹ ሄደው አንዲት ልጅ ብቻ ቀርታ ሳለ መብራት ጠፋ። መስኮት በሌለው ክፍል እኔ ግድግዳ ስዳብስ እሷ ብሬሏን በጣቷ እየዳሰሰች ድምፅ አውጥታ ማንበቧን ቀጠለች። ድንገት አቋረጠች።

«እትዬ፣ አጠገቤ ማነው? መስመሩ ላይ ጣቱ ነካኝ። ይቀዘቅዛል።»

ደሜ ፈላ። «ማነው ሳይናገር የገባው ባለጌ?»

መብራቱ ሲመጣ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ወጥቷል።»

«በሩ እኮ ሲጢጥ አላለም» አለች፣ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ሰብስባ።

ፊት ለፊቷ ያለው መጽሐፍ ገጹ ቀስ ብሎ ተገለጠ።